ፈቃዷን ማን ጠየቀ? ስለ «ድፍረት» ፊልም የቀረበ ሂስ

በክበባት ጊዜ ለተማሪዎቻችን ካሳየናቸው የአገራችን ፊልሞች መካከል እንደ «ድፍረት» ያለ ክርክር ያስነሣ የለም። ፊልሙን የጻፈውና ያዘጋጀው ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2006 ዓ.ም. ነው። ንግግሩ በአማርኛ ነው፤ የተቀረጸውም እዚሁ አገር ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በሰንዳንስ፣ በጀርመን በበርሊን የፊልም በዓላት ቀርቦ በሁለቱም ቦታ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ስለዚህ ፊልም ብዙ የምስጋና ቃል ተነግሯል። እኛም ከአመስጋኞቹ ወገን ነን። ሆኖም ምስጋናው ሳይበጠር ወደ መማሪያ ክፍል ሲገባ ተማሪዎቻችን አንድ ትልቅ ነገር ተሳስተው ይዘው እንደሚወጡ ስለተመለከትን፣ ያየነውን ለሥራ ባልደረቦቻችን ለማካፈል ተነሣን።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ከአዲስ አበባ የሦስት ሰዓት መንገድ ያህል ርቆ በሚገኝ የገጠር መንደር የምትኖር ሂሩት የተባለች የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ፈረሰኞች ሜዳ ላይ ይከቧትና ጠልፈው ይወስዷታል። ጠላፊው ሊያገባት የፈለገ ሰው ነው፤ ይደፍራታል። ልጅቷ ጠመንጃ አንሥታ ታመልጣለች። ሲደርስባት ትተኩሳለች፤ ሰውየው ይሞታል። ከዚያ በኋላ ዐቃቤ ሕግ በነፍስ ግድያ ሊያስቀጣት ይነሣል፤ የሟች ወገኖችም ደሟን ይፈልጋሉ። ወሬውን የሰሙት ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ከአዲስ አበባ መጥተው «የገደለችው ራሷን ስትከላከል ነው» ብለው ይቆሙላታል። ለዚህም ሲሉ፣ አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጠውን የድርጅታቸውን ህልውና ሳይቀር ለአደጋ ያጋልጣሉ።

ነገሩ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ በአንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ላይ የደረሰ ነው። ጉዳዩን የያዘው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶ ልጅቷ በነጻ ተለቀቀች። (በነገራችን ላይ፣ በፈረንጆቹ 1996 የደረሰውን ይህን ጉዳይና የእኛን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ባንድ ዓመት የተገኙ አድርገው የሚጽፉ ተማሪዎች አጋጥመውናል። በመካከላቸው ስምንት ዓመት አለ፤ ስምንቱ ዓመት ደግሞ ከዚህ ሂስ ጋር ብዙ ግንኙነት እንዳለው ወደ ታች እናሳያለን።)

በመጀመሪያ ስለ ርእሱ ትንሽ እንበል። «ደፈረ» የሚለው ግስ በቋንቋችን የተሸከመው ነገር ከባድ ነው። ወንድ ልጅን «ደፋር ነው» ስንል እናመሰግነዋለን። ሴት ልጅን «አንቺ ደፋር!» ስንል ግን እየሰደብናት ነው፤ አፏን እንድትይዝ እየነገርናት ነው። «ተደፈረች» ስንል ደግሞ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። የፊልሙ ርእስ እነዚህን ሦስቱንም ባንድነት ይዟል። ወደ ሌላ ቋንቋ ቢመለስ አንዱን ይዞ ሁለቱን ይጥላል። የአማርኛ መምህራን በዚህ አንድ ቃል ብቻ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሊያስተምሩበት ይችላሉ፤ እኛም ሞክረነው ጊዜው አልበቃንም።

ሂሩትን ሆና የምትጫወተው ትዝታ ሀገሬ ንግግሯ ጥቂት ነው። ከደረሰባት በኋላ የምታሳየው ዝምታ ግን ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ሰው ሲጠጋት ትከሻዋን የምትሰበስበው አሰባሰብ ተምራው ያመጣችው አይመስልም። መዓዛን ሆና የምትጫወተው ሜሮን ጌትነትም ጠበቃዋን በመድረክ ላይ እንደምትጮኽ ጀግና አላደረገቻቸውም። ወረቀት ይዘው ከቢሮ ቢሮ የሚመላለሱ፣ ጥበቃ የሚያስቆማቸው፣ መርማሪ የሚያመናጭቃቸው፣ እንደገና የሚመለሱ ሴት አድርጋ አቅርባቸዋለች። ጥብቅና በአብዛኛው ይህ ነው፤ ትዕግሥት ነው፤ ማመልከቻ ነው። ተማሪዎቻችን ግን «ጠበቃ መሆን እፈልጋለሁ» ሲሉ የሚታያቸው ካባውና ንግግሩ ነው።

ከሁሉም ያስደነቀን ከዛፍ ሥር የሚደረገው የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። አዘጋጁ ሽማግሌዎቹን ጭራቅ አድርጎ አልሣላቸውም። ተራ ጠብቀው ይናገራሉ፤ ይደማመጣሉ፤ የሚያደርጉት ሁሉ ሥርዓት አለው። የሌለው የሴት ድምፅ ብቻ ነው። ስለ ልጅቱ ዕጣ ሲነገር ልጅቱም እናቷም በዚያ ቦታ ቃል የላቸውም። ይህን ያየ ተማሪ ክፋት ሁልጊዜ በክፉ ፊት እንደማይመጣ ይረዳል። ከክፍላችን አንድ ልጅ ተነሥቶ «ታዲያ ሽማግሌዎቹ ሊያስታርቁ ነው እንጂ ሌላ ምን አጠፉ?» ብሎ ጠይቆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሂሳችንም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ፊልሙ ነገሩን የሚያቀርበው በሁለት ወገኖች ግጭት መልክ ነው። በአንድ በኩል ልማድ አለ፤ እርሱም ጠለፋን ጋብቻ ይለዋል። በሌላ በኩል ሕግ አለ፤ እርሱም ከከተማ በጠበቃዋ መኪና ይመጣል። መንደሩ ጨለማ፣ ፍርድ ቤቱ ብርሃን ሆነው ይታያሉ። የተማሪዎቻችን የጽሑፍ ሥራ በሙሉ ማለት ይቻላል «ኋላ ቀር ባህልን ሕግ አሸነፈው» በሚል ዐረፍተ ነገር ነው የተደመደመው። በእኛ አስተያየት ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ሕጉ ራሱ ለጠላፊው የሚሸሸግበት ጓዳ ነበረው።

ይኸውም እንዲህ ነው። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 558 ሴትን በኃይል ወይም በማታለል የጠለፈ ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ያዛል። ሁለተኛው ንኡስ አንቀጽ ግን የተጠለፈችው ሴት በነጻ ፈቃዷ ከጠላፊው ጋር የጸና ጋብቻ ከፈጸመች፣ ጋብቻው በሕግ ካልፈረሰ በቀር ክስ አይቀርብም ይል ነበር። አንቀጽ 599 ደግሞ ይህንኑ ለአስገድዶ መድፈር ይደግመዋል። ደፋሪው ተደፋሪዋን ካገባ፣ ክሱ ቀረ ማለት ነው።

እንግዲህ ለተማሪው «ሽማግሌዎቹ ምን አጠፉ?» ጥያቄ መልሱ ከዚህ ላይ ይገኛል። ልጅቱ ተጠልፋ ከጠላፊው ቤት ትገባለች። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ወደ አባቷ ይላካል። አባት ይቆጣል፣ ይለመናል፣ ካሣና ጥሎሽ ይነገራል፣ እርቅ ይወርዳል። በዚያች ሰዓት ነገሩ ጋብቻ ሆነ። ጋብቻ ከሆነ ደግሞ ፖሊሱ መዝገቡን ይዘጋል፤ ዐቃቤ ሕጉም ክስ አያቀርብም። ከዛፍ ሥር የተጀመረውን ሥራ መጽሐፉ ይፈጽመዋል። ልማድና ሕግ በፊልሙ ላይ ይጣላሉ፤ በእውነቱ ዓለም ግን ብዙ ጊዜ ተጋግዘው ሠርተዋል።

«በነጻ ፈቃዷ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። በእርግጥ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በኃይል የተገኘ የጋብቻ ፈቃድ አይጸናም ይል ነበር። ይሁን እንጂ ፈቃዷን ማን ይጠይቃት ነበር? ማንስ ፊት? ክብሯ ተነክቷል፣ ሌላ አያገባትም ተብሎ የተወሰነባት፣ በጠላፊዋ ቤት ጥበቃ ሥር ያለች፣ ከአባቷ ጋር ያለው ነገር በእርቅ ያለቀባት የ14 ዓመት ልጅ ወረዳ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ «አልፈቀድሁም» እንድትል ነበር የሚጠበቅባት። ሕጉ ፈቃዷን ጽፎላታል፤ የምትናገርበትን አንደበት ግን አልሰጣትም። የዚያች ልጅ ጥይት ከባሕላዊው ሸንጎ ይልቅ ይህን ባዶ ቦታ ነው የመታው ብንል አልተጋነነም።

የመከላከያው ክርክርም በፊልሙ ከሚታየው በላይ ሊብራራ ይገባው ነበር። የዚሁ የ1949 ሕግ አንቀጽ 74 ሕጋዊ መከላከልን ይደነግጋል። ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ ሌላ መዳኛ የሌለ መሆን አለበት፤ መከላከያውም ከጥቃቱ ጋር መመጣጠን አለበት። የነገሩ ጥፍጥና እዚህ ላይ ነው። «መመጣጠን» ሲባል ከጠመንጃው ጋር የሚመዘነው ምንድን ነው? ጠለፋን እንደ ጋብቻ መንገድ የሚያይ ሰው፣ «ሊያገባት የመጣን ሰው ገደለች» ብሎ መከላከሉ በዛ ይላል። ጠለፋንና መደፈርን እንደ ነፍስ አደጋ የሚያይ ሰው ግን ሌላ ይመዝናል። ስለዚህ ክርክሩ ስለ አንድ ልጅ ነፍስ ብቻ ሳይሆን የሴት ልጅ አካልና ፈቃድ በሚዛን ላይ ስንት ይመዝናል የሚል ነበር። ሴት ጠበቆቹ ይህን ጥያቄ ዳኛ ፊት አቅርበው በማስወሰናቸው ነው ጉዳዩ ከአንድ መንደር አልፎ አገር የሰማው። የሥነ ዜጋ መምህራን ፊልሙን ሲያሳዩ ይህን አንቀጽ በሰሌዳ ላይ እንዲጽፉት እንመክራለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥባችን እንለፍ፤ ይህኛው ስለ ስም ነው። በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ በእውነተኛ ስማቸው መዓዛ አሸናፊ ተብለው ይጠራሉ። ልጅቷ ግን ስሟ ተለውጧል። እውነተኛዋ ባለታሪክ አበራሽ በቀለ ናት፤ ይህም ገና እ.ኤ.አ. በ1999 ቢቢሲ ስለ ጉዳዩ ባሳየው ጥናታዊ ፊልም የታወቀ ነው። ፊልሙ ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሊመረቅ እንግዶች ተሰብስበው ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አቤቱታዋ፣ ታሪኬ ያለ ፈቃዴና ያለ ዕውቅና ተወሰደ የሚል ነበር። የፊልሙ ሠሪዎች በበኩላቸው ይህን አልተቀበሉም። በኋላ እገዳው ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታይቷል። በፍርድ ቤቱ ነገር ማን ረታ፣ ማን ተረታ ለማለት እኛ አንነሣም፤ ሙያችንም አይደለም።

ስለ ጥበቡ ግን መናገር እንችላለን። በመደፈር የተጎዳችን ሴት ስም መሸፈን ደግ ሐሳብ ነው፤ ብዙዎችም በዚህ ምክንያት ለፊልሙ ጥብቅና ቆመዋል። ነገር ግን የጠበቃዋን ስም በይፋ ከጠሩ በኋላ የደንበኛዋን ስም መለወጥ ሽፋን አይሆንም። ማን መሆኗን መንደሩ ያውቃል፣ ጋዜጣው ያውቃል፣ ዓለምም ያውቃል። ያልታወቀው ምስጋናዋ ብቻ ነው። አንጀሊና ጆሊ በዋና ፕሮዲውሰርነት ስሟን ስላዋሰችው ፊልሙ በየአገሩ በር ተከፍቶለታል፤ ይህ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። የሆነ ሆኖ የሩቅ አገር ተዋናይት ስም በሚነበብበት ወረቀት ላይ የባለታሪኳ ስም ሲጠፋ፣ ከላይ «በነጻ ፈቃዷ» ስለሚለው አንቀጽ ያነሣነው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ያ ሕግ ፈቃዷን ሳይጠይቅ እንደፈቀደች ቆጠራት። ስለዚያ በደል የተሠራ ፊልም ከሌላው ሁሉ በላይ በዚህ ነገር ሊጠነቀቅ ይገባው ነበር።

ሦስተኛ፣ ፊልሙ የብዙዎችን ሥራ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ጭኖታል። ፊልም ይህን ያደርጋል፤ ተመልካች የሚከተለው ፊት ይፈልጋል፤ እንረዳለን። ወይዘሮ መዓዛም ይህ ክብር የሚገባቸው ናቸው። የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ሕገ መንግሥቱን ባረቀቀው ኮሚሽን በሕግ አማካሪነት ሠርተዋል፤ ፊልሙ ከታየ ከዓመታት በኋላም ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመው እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል። ሆኖም በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው ማኅበር የአንድ ሰው ቢሮ አልነበረም። በነጻ ጊዜያቸው አቤቱታ የሚጽፉ፣ ቀለብ ለተከለከለች እናት ፍርድ ቤት የሚቆሙ፣ በየክልሉ ሕግ የሚያስተምሩ ሴቶች ስብስብ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤቶቻችንም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ የዩጋንዳ ሴት ጠበቆች እ.ኤ.አ. በ1974፣ የኬንያዎቹ በ1985 ማኅበር ያቋቋሙት አንድ ጠበቃ አንድ መዝገብ እንጂ አንድ ሕግ ብቻውን መለወጥ ስለማይችል ነው።

ሕግ መለወጥ ደግሞ ለካሜራ አይመችም። ረቂቅ ማንበብ፣ ስብሰባ መጥራት፣ የምክር ቤት አባል ማስረዳት፣ ሰልፍ መውጣት፣ እንደገና ረቂቅ ማንበብ ነው። ማኅበሩ ከሌሎች ጋር ሆኖ በዚህ መንገድ ብዙ ደክሟል። በመጀመሪያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ወጣ። ከዚያ በፊት 15 ዓመት የነበረው የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ እንደ ወንዱ 18 ሆነ፤ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው የሚለው ድንጋጌም ቀረ። (ይህ የፌዴራል ሕግ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ።) ቀጥሎ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ አንቀጽ 587 የጠለፋ ቅጣት ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት ጽኑ እሥራት ሆነ፤ ጠላፊው ልጅቱን ቢያገባት ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድነውም በግልጽ ተጻፈ። ያ የመሸሸጊያ ጓዳ የተዘጋው ይኸው በዚህ ነው። ከልጅቱ ጥይት እስከዚህ አንቀጽ ድረስ ነው እንግዲህ ያ የስምንት ዓመት ልዩነት። ሁለተኛ ክፍል የሚሠራለት ቢኖር ከዚህ ይጀምር እንል ነበር።

ዋጋም ተከፍሏል። ማኅበሩ በ1994 ዓ.ም. መባቻ አካባቢ በፍትሕ ሚኒስቴር ለተወሰነ ጊዜ ታግዶ ነበር። በኋላም የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከመቶ ዐሥር እንዳይበልጥ በመወሰኑ፣ ሠራተኛ ቀንሶ በበጎ ፈቃደኞች ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ያ አዋጅ የተሻረው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ጠበቃ ሌላውን ለመከላከል የምትቆምበትን መሬት ለራሷም ስትከላከል መኖር እንዳለባት ፊልሙ በደንብ ነክቶታል፤ በዚህ እናመሰግነዋለን።

ስለ ራሳችንም አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ሂሱ ጎደሎ ይሆናል። ሂሩት የተጠለፈችው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው። እኛ በገጠር ባስተማርንባቸው ዓመታት ከመስከረም እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ይልቁንም በሠርግ ወራት፣ ከሴቶቹ ወንበር አንዳንዱ ባዶ ይሆን ነበር። ሦስት ቀን ስም እንጠራለን፤ «የለችም» ይሉናል ልጆቹ፤ አንዳንዱ ይስቃል። በሳምንቱ በስም መጥሪያው ላይ ባጠገቧ «አቋርጣለች» ብለን በቀይ እንጽፋለን። ያቋረጠችው እርሷ ናት ወይስ ያቋረጧት ሌሎች ናቸው ብለን አልጠየቅንም። ያ ቃልም እንደ «በነጻ ፈቃዷ» ነው፤ ሳይጠየቅ የተጻፈ ፈቃድ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ባልደረባችን ወረዳ ድረስ ሄዶ ቢያመለክት «ነገሩ በሽማግሌ ተይዟል» ተብሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ የ1949ኙን አንቀጽ 558 አላነበብንም ነበር፤ ብናነብም ኖሮ ከእኛ ጋር ሳይሆን ከመለሱት ሰዎች ጋር ሆኖ እናገኘው ነበር።

ፊልሙን ለማሳየት ላሰቡ መምህራን ጥቂት የሥራ ምክር እንለግስ። ከ9ኛ ክፍል በታች ለሆኑ ባይታይ ይሻላል። የጠለፋው ትዕይንት ከመድረሱ በፊት ለሴት ተማሪዎች አስቀድሞ ሊነገራቸውና መውጣት የምትፈልግ እንድትወጣ ሊፈቀድላት ይገባል፤ በእኛ ክፍል ሁለት ልጆች ወጥተዋል፤ ምክንያታቸውን አልጠየቅንም። አንቀጽ 558 እና አንቀጽ 587 በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተባዝተው ከፊልሙ በኋላ ሳይሆን በፊት ቢታደሉ ክርክሩ ይበስላል። የተማሪዎቹም ድምዳሜ ይለወጣል። በዚህ ዓመት እንዲህ አድርገን፣ «ባህልን ሕግ አሸነፈው» ብለው የጻፉት ከአርባ አምስቱ ስድስቱ ብቻ ሆነዋል። የቀሩት የጻፉት የተለያየ ነው፤ ሁሉም ትክክል ነው ማለታችን አይደለም።

ካየነው ሁሉ ያላሰብነውን ጥያቄ ያመጣችው ግን ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ በክርክሩ ሁሉ እጇን ያላወጣች ልጅ ናት። ደወል ከተደወለ በኋላ ወደ ጠረጴዛችን መጥታ «መምህር፣ ልጅቷ ነጻ ከወጣች በኋላ ትምህርቷን ከስንተኛ ክፍል ጀመረች?» አለችን። ፊልሙ የሚያበቃው በፍርዱ ነው። እናጣራለን ብለናታል።